«ዛው» አንቱታ ነው ወይስ አንተ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለአምዱ አዘጋጅ። የምኖረው ሜሪላንድ ነው። እዚህ ተወልደው ያደጉት ልጆቻችን አማርኛው ስለሚከብዳቸው አንዳንዱን ጸሎት በእንግሊዝኛ እናስደግማቸዋለን። መጽሐፉ ደግሞ የድሮ እንግሊዝኛ ነው፤ እግዚአብሔርን «ዩ» አይለውም፣ «ዛው» ነው የሚለው። ልጄ ምን ማለት ነው ብላ ጠየቀችኝ። እኔም ሳላመነታ «እርስዎ እንደማለት ነው፣ የአክብሮት ነው» አልኳት። ሰንበት ትምህርት ቤት የምታስተምር አንዲት እህት ሰምታኝ የለም፣ እንዲያውም «አንተ» ማለት ነው ብላ ተከራከረችኝ። እንዴት ሆኖ ነው በእንግሊዝኛ እግዚአብሔር አንተ የሚባለው? ከሁለታችን ማን ነው ትክክል? ቃሉስ ከየት መጣ?

መልስ፦ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ትክክሏ እህታችን ናት። «ዛው» ማለት «አንተ» ነው። ለሴት ሲሆን «አንቺ»፤ እንግሊዝኛ እዚህ ላይ ወንድና ሴት አይለይም። «ዛው» ብዬ የጻፍኩት ድምፁ በፊደላችን ስለሌለ ነው። ምላስዎን በጥርስዎ መሃል ትንሽ ብቅ አድርገው «ዛ» ሲሉ የሚወጣው ነው።

እንደ እርስዎ የሚያስብ ሰው ግን ብዙ ነው። እንግሊዝኛ አፉን የፈታበት ሰው እንኳ ዛሬ «ዛው» ሲባል ካህንና ንጉሥ ነው የሚታየው። ቃሉን የሚያገኘው ጸሎት ላይ፣ የድሮ ግጥም ላይ፣ ስለ ነገሥታት በሚሠራ ፊልም ላይ ብቻ ስለሆነ የትልቅ ሰው መጠሪያ ይመስለዋል። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ልጅ፣ አሽከር፣ የልብ ጓደኛ፣ ውሻ፣ ጠላት፣ ዛው የሚባሉት እነዚህ ነበሩ። ሹም፣ ጌታ፣ የማያውቁት እንግዳ ደግሞ «ዩ» ነው የሚባለው። አዎ፣ ዛሬ ለሁሉም የምንለው ተራው «ዩ» ያኔ አንቱታ ነበር!

እግዚአብሔር እንዴት አንተ ይባላል ላሉት፣ መልሱ እርስዎው ጋ አለ። አባታችን ሆይ ሲሉ ምን ይላሉ? «ስምህ ይቀደስ፣ መንግሥትህ ትምጣ»። «ስምዎ ይቀደስ» ብሎ የሚጸልይ ሰው ሰምተው ያውቃሉ? እኔ አልሰማሁም። የጎረቤታችንን ሽማግሌ አንቱ እንላለን፣ ፈጣሪን ደግሞ አንተ፤ ይኼን ንቀት ነው የሚል ሰው የለም። ግዕዙም ቢሆን «አቡነ ዘበሰማያት፣ ይትቀደስ ስምከ» ነው የሚለው። «ስምከ» ማለት ስምህ ነው።

እንግሊዝኛውም እንደዚያው ነው። በንጉሥ ጄምስ ዘመን በ1611 የታተመው መጽሐፍ ቅዱስ (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው) እግዚአብሔርን ዛው ይላል። ጴጥሮስንም ዛው ይላል። ማቴዎስ ምዕራፍ 4 ላይ ጌታ ዲያብሎስን የሚያባርረውም በዚሁ ቃል ነው፤ በአማርኛ «ሂድ፥ አንተ ሰይጣን» የሚለው ቦታ። ቃሉ የክብር ቢሆን ኖሮ ሰይጣን ምን ሠርቶ ያገኘዋል?

ተርጓሚዎቹ ማንን እናክብር ማንን እንናቅ ብለው አልተጨነቁም። ዕብራይስጡና ግሪኩ ነጠላ ሲል ነጠላ አደረጉ፣ ብዙ ሲል ብዙ አደረጉ፣ በቃ። ይኼ ደግሞ ትንሽ ነገር እንዳይመስልዎት። ሉቃስ 22 ቁጥር 31ን ይክፈቱ። ጌታ ስምዖንን እያናገረው ነው። «ሰይጣን እንደ ስንዴ ሊያበጥራችሁ ለመነ» ይለዋል፤ ወዲያው ደግሞ «እኔ ግን እምነትህ እንዳይጠፋ ስለ አንተ አማለድሁ»። ሊያበጥራችሁ ብዙ ነው፣ ሐዋርያቱን ሁሉ ነው። ስለ አንተ ነጠላ ነው፣ ጴጥሮስን ብቻ ነው። የ1611ዱ እንግሊዝኛ የመጀመሪያውን «ዩ»፣ ሁለተኛውን «ዚ» ብሎ ልዩነቱን ይዞታል። («ዚ» የዛው ተሳቢ ነው፣ «አንተን» እንደማለት።) ሁለቱንም «ዩ» ብሎ በሚያልፍ ትርጉም ያነበበ ልጅ ግን ሰይጣን የፈለገው ጴጥሮስን ብቻ ይመስለዋል። ለልጅዎ ይቺን ጥቅስ በአማርኛና በድሮው እንግሊዝኛ ጎን ለጎን ያሳዩአት፤ ከእኔ ረጅም ማብራሪያ ይልቅ ቶሎ ይገባታል።

አሁን ወደ ትውልዱ እንሂድ። የጀርመኑ «ዱ»፣ የላቲኑ፣ የፈረንሳዩና የጣሊያኑ «ቱ»፣ የፋርሱ «ቶ» ሁሉም ከአንድ ጥንታዊ ቃል የወረዱ ናቸው። ዛውም ከእነሱ ጋር ነው። መጀመሪያ ላይ የቃሉ መጨረሻ «ኡ» ነበር፤ በኋላ ነው «አው» የሆነው። «ሁስ» ይባል የነበረው ቤት «ሃውስ» የሆነው በዚሁ ለውጥ ነው። በጥንቱ እንግሊዝኛ ነገሩ ንጹሕ ነበር፦ ለአንድ ሰው ዛው፣ ለብዙ ሰው «ዪ»። ንጉሥም ቢሆን አንድ ሰው ነውና ዛው ነው። እንዲያውም ለሁለት ሰው ብቻ የሚሆን፣ «ሁለታችሁ» የሚል የራሱ ቃል ነበረው፤ እሱ ቀድሞ ጠፋ። «ዩ»ስ? «ዩ» ያኔ ተሳቢ ብቻ ነበረች፣ «እናንተን» እንደማለት። የዓረፍተ ነገር ባለቤት የሆነችው ቆይታ ነው።

ነገሩን ያወሳሰቡት ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎቹ ኖርማኖች ናቸው። በ1066 እንግሊዝን ያዙ፤ ቤተ መንግሥቱም ፍርድ ቤቱም በፈረንሳይኛ ሆነ። በፈረንሳይኛ ትልቅ ሰው አንድ ቢሆንም እንደ ብዙ ተቆጥሮ «ቩ» ይባላል። ከ13ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ እንግሊዞቹም ልማዱን ቀስ በቀስ ቀዱት፤ ጌታቸውን «እናንተ» ማለት ጀመሩ።

ለእኛ ይኼ እንግዳ ነገር አይደለም። «እርስዎ መጡ» ይበሉና «እነሱ መጡ» ይበሉ። ግሡ ያው አንድ ነው። እኛም ሰውን ስናከብር እንደ ብዙ እንቆጥረዋለን ማለት ነው። ንጉሠ ነገሥቱስ በአዋጅ «እኛ» ይሉ አልነበረም?

አንዴ ለትልቅ ሰው «ዩ» ከተባለ በኋላ ዛው ወደ ታች ወረደ። ለወዳጅ ሲሆን ፍቅር ነው፣ ለበታች ሲሆን ተራ ነገር ነው፣ ለእኩያ ወይም ለበላይ ሲሆን ግን ስድብ ነው። በአማርኛ «አንቱ የተባለ ሐኪም» እንላለን፤ አንቱታን ለሙገሳ እናውለዋለን። እንግሊዞች ደግሞ ዛውን ራሱን ግሥ አድርገው ለንቀት አዋሉት። እከሌ እከሌን «ዛው አለው» ከተባለ ደፈረው ማለት ነው።

ይኼ በአደባባይ የታየበት አንድ ችሎት አለ። ዘመኑ 1603 ነው። ሰር ዋልተር ራሌይ የሟቿ ንግሥት የቀዳማዊት ኤልሳቤጥ ባለሟል፣ መርከበኛና ገጣሚ ነበር። አዲሱን ንጉሥ ጄምስን ሊገለብጥ አሲሯል ተብሎ ተከሰሰ። ለንደን ውስጥ ወረርሽኝ ስለነበር ችሎቱ ዊንቸስተር ከተማ ላይ ተቀመጠ። ዐቃቤ ሕጉ ኤድዋርድ ኩክ በሕግ ዕውቀቱ አንቱ የተባለ ሰው ነው፤ ማስረጃው ግን ሳሳ ያለ ነበር፣ ራሌይ ደግሞ አፉ አይያዝም፣ ለእያንዳንዱ ክስ መልስ አለው። ኩክ ቱግ አለ። «አንተ እፉኝት!» አለው። ከዚያም የተናገረው ሲተረጎም፦ «አዎ፣ አንተ እልሃለሁ፣ አንተ ከሃዲ!» «ሰር» የሚል ማዕረግ ያለውን ሰው በሕዝብ ፊት እንዲህ ማለት በጥፊ እንደመማታት ነው። ኩክ ያመለጠው ቃል እንዳይመስልዎት፤ «እልሃለሁ» ብሎ ሆን ብሎ ማድረጉን ራሱ ተናግሯል። ራሌይ ሞት ተፈረደበት፤ አንገቱ የተቀላው ግን ከ15 ዓመት በኋላ፣ በ1618 ነው።

ከዚያ ደግሞ ይኼን ሁሉ ወግ አንቀበልም ያሉ ሰዎች መጡ። ኩዌከሮች ይባላሉ። በ1650ዎቹ አካባቢ በጆርጅ ፎክስ መሪነት የተነሱ ክርስቲያኖች ናቸው። ሰው ሁሉ በእግዚአብሔር ፊት እኩል ነው አሉ። እዚህ ድረስ ብዙ ሰው ይስማማል፤ እነሱ ግን በተግባር አደረጉት። ለዳኛም ለመኳንንትም ባርኔጣ አያነሱም፣ ሀብታም ድሃ ሳይሉ ሁሉንም ዛው ይላሉ። እስቲ አንድ ተራ ልብስ ሰፊ ዳኛ ፊት ቆቡን እንደደፋ ቆሞ «አንተ» ሲል ይታይዎት። ተሰደቡ፣ ተደበደቡ፣ ታሰሩ። አልተዉትም።

እኔን በጣም የሚገርመኝ በ1660 ያሳተሙት መጽሐፍ ነው። ፎክስና ሁለት ባልደረቦቹ ሆነው፣ ለአንድ ሰው አንድ ቃል ለብዙ ሰው ሌላ ቃል መባል እንዳለበት ለማስረዳት የብዙ ቋንቋዎችን ምሳሌ ሰበሰቡ። ላቲን፣ ግሪክ፣ ዕብራይስጥ፣ ዐረብኛ፣ ፋርስኛ፣ አርመንኛ እያሉ ርዕሱ ገጽ ላይ ይደረድራሉ። ከእነሱ መሃል «ኢትዮጵክ» የሚል አለ። የእኛው ግዕዝ ነው! እዚያው ርዕስ ላይ፣ አንድን ሰው «ዩ» ማለት መጀመሪያ ከሮም ጳጳስ የመጣ ነው ብለውም ጽፈዋል፤ ይቺኛዋ ከታሪክ ይልቅ የሃይማኖት ጠብ ናት። ግን የእንግሊዝ ገበሬና ነጋዴ ጌቶቹን «አንተ» ለማለት ሲሟገት ግዕዝን ምስክር መጥራቱ ደስ ይለኛል።

ታዲያ ዛው ለምን ጠፋ? ክልከላ አልነበረም፤ ጨዋነት ነው ያጠፋው። ከተማ ውስጥ የማያውቁትን ሰው ዛው ብሎ ከመጣላት ዩ ብሎ ማለፍ ይሻላል። ነጋዴው ደንበኛውን ዩ አለ፣ ደንበኛውም መልሶ ዩ አለ፣ ጎረቤት ለጎረቤት እንዲሁ። አንተ ትብስ አንቺ ትብሽ ሲባባሉ እስከ 1700 አካባቢ ዛው ከተማረው ሰው የዕለት ንግግር ወጣ። አንቱታው ለሁሉም ሲታደል ደግሞ ክብርነቱም አብሮ ቀረ። (ስዊድን ያላችሁ አንባቢዎች የተቃራኒውን አገር ታውቃላችሁ። እዚያ ከ1960ዎቹ መጨረሻ ወዲህ አለቃውም ሐኪሙም «ዱ» ነው። በ1967 የአገሪቱ የጤና መሥሪያ ቤት ኃላፊ የነበረው ብሩር ሬክሴድ ሠራተኞቼን ሁሉ «ዱ» ነው የምላቸው ማለቱ እስከዛሬ ይነሳል።)

ቤተ ክርስቲያን ግን ጸሎቷን በየጊዜው አትቀይርም። ሰዉ ቤቱ ዛው ማለት ሲተው ጸሎቱ ላይ ቀረ። መቶ ዓመት፣ ሁለት መቶ ዓመት ሲያልፍ ቃሉ የሚሰማው እዚያ ብቻ ሆነ፤ ስለዚህ ቅዱስ ቅዱስ መሽተት ጀመረ። በ1952 አሜሪካ ውስጥ ተሟልቶ የወጣው የተሻሻለ የመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም እንዲያውም ሰዉን ሁሉ «ዩ» ብሎ ዛውን ለእግዚአብሔር ብቻ አስቀረው። ይኼኔ እውነትም አንቱታ መሰለ። በ1989 ያ ትርጉም እንደገና ሲታረም እሱም ቀርቶ ሁሉም ዩ ሆነ። እንግዲህ እርስዎ ለልጅዎ የነገሯት የዛሬ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ጆሮ የሚሰማውን ነው፤ እህታችን የተናገረችው ቃሉ ሲወለድ የነበረውን ነው። ክርክሩን ግን እሷ ነች ያሸነፈችው።

ጥያቄ፦ ከሐዋሳ ነው የምጽፈው፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። የሼክስፒርን ሮሜዮና ጁልየት በእንግሊዝኛ ልናሳይ እየተለማመድን ነው። እኔ ጁልየት ነኝ። «ኦ ሮሜዮ፣ ዌርፎር አርት ዛው ሮሜዮ» ስል እጄን ከግንባሬ በላይ አድርጌ ወደ ጨለማው እንድፈልገው ተነገረኝ። «የት ነህ» ማለት ነው አይደል?

መልስ፦ እጅሽን አውርጂ እህቴ። «ዌርፎር» የት ማለት አይደለም፣ «ለምን» ማለት ነው። «ዌር» የምትለዋ ፊት ስለተቀመጠች ነው ሁሉም ሰው የሚሳሳተው። ወንድሟ «ዜርፎር» ዛሬም በሕይወት አለች፣ «ስለዚህ» ማለት ናት። ዌርፎር ጥያቄዋ ናት፣ ዜርፎር መልሷ።

«አርት» ደግሞ ነህ ማለት ነው፣ ከዛው ጋር ብቻ የሚሄድ። ሲገጣጠም፦ «ለምንድን ነው አንተ ሮሜዮ የሆንከው?» የልጅቷ ጭንቀት ልጁ የት እንዳለ አይደለም። የወደደችው ልጅ ቤተሰቧ ከሚጠላው ቤት መወለዱ ነው። ስም ምን ያደርጋል፣ ሌላ ስም ቢኖርህ ምን ነበረበት እያለች ነው የምትቀጥለው። ሮሜዮ እንዲያውም እዚያው ግቢ ውስጥ ቆሞ ይሰማታል፤ እሷ አላወቀችም። ስለዚህ የምትፈልጊው ሰው የለም፣ ብቻሽን የምታስቢ ሆነሽ ተጫወቺው። ድምፅሽን ደግሞ «ዛው» ላይ ሳይሆን ሁለተኛው «ሮሜዮ» ላይ ክበጂ፤ ያማረራት ስሙ ነውና። አዘጋጁ ከተቆጣ ይቺን ገጽ አሳዪው።

ጥያቄ፦ ለንደን ታክሲ ነው የምነዳው። አሮጌ መጠጥ ቤቶች ላይ «ዪ ኦልድ» የሚል ጽሑፍ አያለሁ። ቀደም ባለው ዕትም «ዪ» ማለት እናንተ ነው ብላችሁ ነበር። ታዲያ «እናንተ አሮጌ መጠጥ ቤት» ምን ዓይነት ስም ነው?

መልስ፦ ጥሩ አይተሃል። ጽሑፉ ላይ ያለችው «ዪ» ከእናንተዋ ጋር በአጋጣሚ ነው የተመሳሰለችው። ያቺ ተራዋ «ዘ» ናት፤ ፊደሏ ተለውጦባት ነው።

እንግሊዞች በጥንት ጊዜ ዛውና ዘ ላይ ላለው ድምፅ አንድ የራሱ ፊደል ነበራቸው። ስሙ «ቶርን» ነው፣ እሾህ ማለት። ቀጥ ያለ እንጨት ላይ ጎኑ ሆድ ያወጣ ይመስላል። በእጅ ጽሑፍ እየቆየ ሲሄድ ሆዱ ከላይ ተከፈተና «ዋይ» የምንለውን የእንግሊዝኛ ፊደል መሰለ። የእንግሊዝ የመጀመሪያው አታሚ ዊልያም ካክስተን በ1476 ዌስትሚንስተር ላይ ማተሚያውን ሲተክል ሙያውን የተማረው ከባሕር ማዶ ነበር፤ ከአውሮፓ የሚመጣው የብረት ፊደል ውስጥ ደግሞ ቶርን የለም። አታሚዎቹ ምን አደረጉ? የምትመስለውን «ዋይ»ን ተኩ። ቦታ ሲጠብባቸው «ዘ»ን ለማሳጠር ዋይ ጽፈው ከላይዋ ትንሽ «ኢ» ይሰቅሉባታል። የ1611ዱ መጽሐፍ ቅዱስ የመጀመሪያ ዕትም ላይ እንኳ እንዲህ የተጻፈባቸው ጥቂት ቦታዎች አሉ። ያኔ ያነበበ ሰው ግን «ዘ» ብሎ ነው ያነበበው፤ «ዪ» ያለ የለም።

ቆይቶ ባለሱቆችና ባለመጠጥ ቤቶች ነገሩ አሮጌ እንዲመስል ሲፈልጉ አጻጻፉን አመጡት፣ አነባበቡ ግን ተረስቶ ነበር። ስለዚህ ታፔላውን ስታየው ጥርጣሬ ይግባህ፤ ብዙ ጊዜ ጽሑፉ በዕድሜ ከቤቱ በብዙ ያንሳል። እዚያው አንተ ከተማ ፍሊት ስትሪት ላይ ያለው «ቼሻየር ቺዝ» እውነተኛ አሮጌ ነው፣ ከ1666ቱ ታላቅ ቃጠሎ በኋላ በ1667 ነው እንደገና የተሠራው። አጠገቡ ያለው ሁሉ ግን እንደሱ አይምሰልህ። ተሳፋሪ «ዪ ኦልድ ቼሻየር ቺዝ ውሰደኝ» ቢልህ ዝም ብለህ ውሰደው፣ እርማቱ ጉርሻ ያስቀርብሃል።

ጥያቄ፦ ዳላስ ነው ያለሁት። መሥሪያ ቤት ሁሉም «ያል» ይላል። ልጄ አስተማሪዋ ስህተት ነው እንዳለቻት ነገረችኝ። ስህተት ነው?

መልስ፦ አይደለም፣ ቀዳዳ መድፈኛ ነው። ዛው ከሄደ በኋላ «ዩ» አንተም አንቺም እናንተም እርስዎም ሆነች። አለቃሽ መጥታ «ዩ» ብላ ነገ በጊዜ ግቡ ስትል አንቺን ብቻ ይሁን ሁላችሁንም አይታወቅም። በአሜሪካ ደቡባዊ ክፍለ ግዛቶች ያለ ሰው «ዩ» እና «ኦል»ን አጣብቆ «ያል» አለ። አየርላንድና ግላስጎው «ዩዝ» ይላሉ፣ ፒትስበርግ «ዪንዝ»፣ የቀረው አሜሪካ «ዩ ጋይዝ»። ሁሉም «እናንተ»ን ፍለጋ ነው። ፈተና ላይ አትጻፊው በያት፤ ቤት ውስጥና ሥራ ቦታ ግን ጥሩ እንግሊዝኛ ነው፣ ዳላስ ከሆነማ እንዲያውም ሳይሉት መኖር ይከብዳል።

ጥያቄ፦ ስሜን አትጻፉ። እጮኛዬ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ነው የተማረችው። ለልደቷ በድሮ እንግሊዝኛ የሆነ ነገር ልልክላት አስቤያለሁ። እንዲህ ነው የጻፍኩት፦ «አይ ላቭ ዛው። ዛይ አይዝ ሻይኔት»። እወድሻለሁ፣ ዓይኖችሽ ያበራሉ ለማለት ነው። ልላክ? ደግሞ አሁንም እንዲህ የሚያወራ ሰው አለ?

መልስ፦ አትላክ! ቢያንስ እንዲህ ሆኖ አትላክ። ሁለት አጭር ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሦስት ስህተት አለ፣ እሷ ደግሞ የተማረችው ይኼኑ ነው።

አንደኛ፣ «ዛው» ባለቤት ነው፤ የምትወዳት እሷ ተሳቢ ናት። «እኔ አንቺ እወዳለሁ» እንደማለት ሆነብህ። ተሳቢው «ዚ» ነው። ቀጥሎ «ዛይ»። የአንቺ ማለት መሆኑ ልክ ነው፤ ግን ቀጥሎ የሚመጣው ቃል በአናባቢ ሲጀምር «ዛይን» ይሆናል፣ «ዛይን አይዝ»። ሦስተኛው ስህተት ብዙ ሰው የሚወድቅበት ነው። አሮጌ እንዲመስል ግሡ መጨረሻ ላይ «ኤት» መጨመር የሚበቃ ይመስላል። አይበቃም። «ኤት» የእሱና የእሷ ነው፣ የሩቅ ነጠላ፦ «ጎዌት» ማለት ይሄዳል ወይ ትሄዳለች ነው። ከዛው ጋር የሚሄደው «ኤስት» ነው፦ «ዛው ጎዌስት»፣ ትሄዳለህ። «ዛው ጎዌት» ማለት «አንተ ይሄዳል» ብሎ እንደመናገር ነው፣ ጆሮ ይቧጥጣል። የእሷ ዓይኖች ደግሞ ሁለት ናቸው፣ ብዙ ነው፣ ምንም ጭማሪ አያስፈልጋቸውም፤ «ሻይን» ይበቃቸዋል።

አሁንም የሚያወራው ሰው አለ ወይ? አለ፣ ግን አንተ በምታስበው ቃና አይደለም። ሰሜን እንግሊዝ፣ ዮርክሻየር ውስጥ በተለይ ሽማግሌዎች ዛውን «ዛ» ብለው አሳጥረው ይናገሩታል፤ የማዕድን ሠራተኛና የገበሬ ቋንቋ ነው፣ የቅኔ አይደለም። እዚያ የሚባል አንድ ተግሣጽ አለ፣ ልጅ ትልቅ ሰውን ዛ ሲል የሚነገረው፦ እኔን ዛ አትበለኝ፣ ራስህን ዛ በልና ደስ ይልህ እንደሆነ እየው! ስኮትላንድ ጫፍ ሼትላንድ ደሴቶች ላይ ደግሞ «ዱ» ይሉታል። አሜሪካ ውስጥ አንዳንድ የኩዌከር ቤተሰቦች ዛውን ትተው ተሳቢውን ብቻ ይዘው ቆይተዋል፤ ባለቤት ሲሆንም ቢሆን «ዚ» ነው የሚሉት፣ «ዚ ኢዝ» ይላሉ። ሰዋስው የሚያውቅ ሰው ቅር ይለዋል፣ ቤት ውስጥ እርስ በርስ ሲባባሉት ግን የፍቅር ቃል ነው። ያንተም ሐሳብ መጥፎ አልነበረም ማለት ነው፤ ዛው የቅርብ ሰው መጥሪያ ነውና ለእጮኛ ይሆናል። «ዩ» ብትላት በድሮው ደንብ አንቱ እያልካት ነበር።

የታረመው ይኸው፦ «አይ ላቭ ዚ። ዛይን አይዝ ሻይን»። ስጦታውን ግን አብረህ ላክ፤ በሰዋስው ብቻ የሚታለፍ ልደት አይደለም።